ቦኮላ፡ የአንዲት ትንሽ ዕቃ ታሪክና የስሟ ጣጣ

በመኪና አካል ውስጥ ካሉት ዕቃዎች በመጠንም በዋጋም እጅግ አነስተኛ ከሆኑት አንዷ በጋራዥ ቋንቋችን ቦኮላ የምትባለው ናት። ቦኮላ ማለት የጎማው ክንድ ወይም ባሌስትራው ከሻንሲው ጋር በቡሎን በሚያያዝበት ቀዳዳ ውስጥ የምትገባ፣ ብረት ከብረት ጋር እንዳይፋተግ በመካከል የምትሆን፣ ቱቦ መሰል ዕቃ ናት። ይህችን ዕቃ ለቋንቋ ሊቃውንትና ለተርጓሚዎች በሚታተም መጽሔት ላይ ማንሣት ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ስለ ሙያ ቃላት አመራረጥ ለብዙ ዓመት ካስተማርሁት ይልቅ ከዚህች ዕቃ ስም የተማርሁት ስለሚበልጥብኝ፣ ታሪኳን ከነስሕተቴ ለማቅረብ ወድጃለሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንድ ተርጓሚ ጥቂት ገጽ ጽሑፍ እንዳርምለት ላከልኝ። ጽሑፉ በ1968 ዓመተ ምሕረት ሞዴል ፖንቲያክ ጂ.ቲ.ኦ. መኪና ላይ ያረጁ ቦኮላዎች እንዴት እንደሚለወጡ የሚያስረዳ ሲሆን፣ የተተረጐመውም እዚያው ጋራዥ ላለው ኢትዮጵያዊ መካኒክና ከአገር ቤት በቅርቡ ለመጣው ረዳቱ ነበር። መካኒኩ መኪናውን ለአንድ አሜሪካዊ ደንበኛ ያድስ ነበር። ረዳቱ እጁ የሠለጠነ፣ አማርኛው የጠራ፣ እንግሊዝኛው ግን ገና ጀማሪ ነው። ስለዚህ ትርጕሙ ለጌጥ የተሠራ አልነበረም፤ ረዳቱ መፍቻ በአንድ እጁ፣ ወረቀቱን በሌላው ይዞ የሚሠራበት ነው።

ተርጓሚው ዕቃዋን «ቡሽ» ብሏታል። የእንግሊዝኛውን ስም በፊደላችን መጻፉ ነው። ተራ መዝገበ ቃላት ገልጦ «ቁጥቋጦ» ባለማለቱ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ይህን ያደረጉ ትርጕሞች በእጄ ገብተው ያውቃሉና። ይሁን እንጂ ቡሽ በአማርኛ የጠርሙስ መክደኛ ነው። በጋራዥም ውስጥ ቢሆን ቡሽ ሲባል አእምሮ የሚሄደው ወደዚያው ቀላልና ስስ ነገር ነው። «የጎማ ቡሽ» የሚለውን ያነበበ ሰው ቀዳዳ የሚደፍን ውታፍ ቢፈልግ አይፈረድበትም። ስለዚህ በቀይ ቀለም ሰርዤ «ቦኮላ» ብዬ ጻፍሁ፤ በሥራዬም ተደስቼ ወረቀቱን መለስሁ። ትልቁ ስሕተት ግን በሌላ ገጽ ላይ በአንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እሱን ሳላየው አለፍሁ። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት የስሟንና የዕቃዋን አመጣጥ ማየት ያስፈልጋል፤ ስሕተቱ የተወለደው ከዚያ ነውና።

እንግሊዝኛው «ቡሽ» ከቁጥቋጦው ጋር በድምፅ ብቻ የተገናኘ ሌላ ቃል ነው። የመጣው ከመካከለኛው ዘመን ሆላንድኛ «ቡሰ» ከሚለው ሲሆን፣ ትርጕሙ ሣጥን፣ ቆርቆሮ፣ ክብ መያዣ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ሲሄዱ ወደ ላቲን፣ ከላቲንም «ፒክሲስ» ወደሚለው የግሪክ ቃል ይደረሳል፤ ይህም ቦክስዉድ ከሚባለው እንጨት የሚሠራ ትንሽ መክደኛ ያለው ሣጥን ነው። የጀርመንኛው «ቡክሰ» የዚሁ ዘመድ ነው። ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት ሁሉ በዚህ ስም ሊጠራ ስለቻለ፣ ከዚሁ ግንድ የጥንት ጠመንጃዎች ስሞችም ወጥተዋል። እንግዲህ በዚህ መስመር ስሟ የሚናገረው ስለ ቅርጿ ብቻ ነው፦ ክብ ናት፣ መካከሏም ባዶ ነው። ምን እንደምትሠራ አይናገርም።

የእኛው ቦኮላ የመጣው ከኢጣልያንኛ ነው። ኢጣልያንኛው ደግሞ የወረሰው «ትንሽ ጕንጭ» ከሚል የላቲን ቃል ሲሆን፣ በኋላ ዘለበትንና ጉትቻን ለመጥራት ውሏል። ዛሬም በኢጣልያንኛ ቦኮላ ጉትቻ ሊሆን ይችላል። ቃሉ ወደ አማርኛ የገባው ከጭነት መኪና፣ ከመንገድ ሥራና ከጋራዥ ጋር ነው፤ ከኤርትራ የቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ፣ በተለይም ከ1936 እስከ 1941 በነበረው የወረራ ጊዜ ከመጡት ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ዳዶ፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ፣ ኩሽኔታ፣ ሞርሳና ቶርኖ ጋር ማለት ነው። እነዚህ ቃላት በትምህርት ቤት አልተማሩም፤ በእጅ ተማሩ። አንድ ሰው ካቻቢቴ አምጣ ሲባል ካቻቢቴ ካመጣ ቃሉን ዐውቋል። ሥረ ቃሉን የጠየቀ አልነበረም፤ መጠየቅም አያስፈልገውም ነበር። ባሌስትራ በኢጣልያንኛ የቀስት ማስፈንጠሪያ መሣሪያ፣ ፍሬቻ ደግሞ ፍላጻ መሆኑን፣ በዚህም የተነሣ መኪናችን ሳናውቀው ቀስቱንም ፍላጻውንም ይዞ የሚዞር መሆኑን የሚያስታውስ ሾፌር የለም።

ከነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው የኩሽኔታ ነገር ነው። ኩሽኔታ በኢጣልያንኛ «ትንሽ ትራስ» ማለት ነው። ይሁን እንጂ በጋራዥ ውስጥ ኩሽኔታ የሚባለው ከጠንካራ ብረት የተሠራ፣ በውስጡ ኳሶች የሚሽከረከሩበት ዕቃ ነው። በእውነት ትራስ የሆነችው፣ ጎማ ለብሳ ንዝረትን የምትውጠው፣ ጉትቻ የተባለችው ቦኮላ ናት። ስሞቹ ተለዋውጠው የተሰጡ ይመስላል። ይህ ግን የሰያሚዎቹ ጥፋት አይደለም፤ ስሙ በተሰጠበት ዘመን ቦኮላ ትራስ አልነበረችምና።

ዋናው ነጥብም ይኸው ነው። በመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ላይ ቦኮላ ማለት የነሐስ ወይም የብረት ቱቦ ነበረች። ባሌስትራው ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ፒኑ በነሐሱ ውስጥ ይንሸራተታል፤ እንዲንሸራተትም ግራሶ ወይም ዘይት ይሰጠዋል። ግራሶ ካነሰው ይጮኻል፣ ይበላል፣ ይላላል። የዚያ ዘመን ሾፌር ከመንዳት ያላነሰ ጊዜውን ከመኪናው ሥር ተኝቶ ግራሶ በመስጠት ያሳልፍ ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። «ቦኮላ» እና «ግራሶ» በመካኒኩ አእምሮ ውስጥ የተጣመሩት በዚያን ጊዜ ነው።

በ1920ዎቹ ግን ነገሩ ከሥሩ ተለወጠ። ሌዮን ቲሪ ከተባለው ፈልሳፊ ስም ጋር የተያያዘውና በፈረንሳይ «ሲላንብሎክ» የሚል የንግድ ስም የወጣለት ዕቃ በሁለት የብረት ቱቦዎች መካከል ጎማ በከፍተኛ ኀይል ተጨምቆ የተሠራ ነው። ውስጠኛው ቱቦ በቡሎን ከሻንሲው ጋር ይጠብቃል፤ ውጭኛው በክንዱ ቀዳዳ ውስጥ ተጨምቆ ይገባል። ክንዱ ሲንቀሳቀስ በየትም በኩል የሚንሸራተት ነገር የለም። የሚጠመዘዘው ጎማው ራሱ ነው፤ ክንዱ ሲመለስ ጎማውም እንደ ተጠመዘዘ ጨርቅ ተፍታቶ ይመለሳል። ግራሶ አያስፈልገውም፤ ድምፅም የለውም። የንግድ ስሙ ስለ ዝምታው የወጣ ነው። በአሜሪካም የክራይስለር ኩባንያ በ1931 ፕሊመዝ በተባለው መኪናው ላይ ሞተሩን በጎማ ላይ አስቀምጦ «ተንሳፋፊ ኀይል» እያለ ሲያስተዋውቅ፣ ጎማ ከመንገድ ጋር ብቻ ሳይሆን በብረትና በብረት መካከልም ሥራ እንዳለው ሕዝቡ ማየት ጀመረ።

እዚህ ላይ የልሳናት መንገድ ተለያየ። ፈረንሳይኛ የንግዱን ስም ወስዶ የዕቃው ተራ ስም አደረገው። ጀርመንኛ፣ እስፓንኛና ፖሎንኛም ተከተሉት። ሩሲያኛ ደግሞ የተወለደበትን አገር ረስቶ፣ ስሙን በእንግሊዝኛ አነባበብ «ሳይለንትብሎክ» ብሎ ተቀበለው፤ አንድ የፈረንሳይ ስም ሞስኮ ሲደርስ እንግሊዛዊ ሆነ ማለት ነው። የሆነው ሆኖ እነዚህ ቋንቋዎች ለአዲሱ ነገር አዲስ ስም አገኙ። አማርኛና የተራው መካኒክ እንግሊዝኛ ግን በአሮጌው ስም ጸኑ። የነሐሷም ቦኮላ፣ የጎማዋም ቦኮላ ሆነች። ስሙ አንድ ሆኖ ሲቀር፣ ከስሙ ጋር የተጣመረው ልማድ፣ ማለትም ግራሶው፣ አብሮ ተላለፈ። የማዕድን ዘይትና ግራሶ ደግሞ የተፈጥሮን ጎማ ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ በመጨረሻም ያበሰብሰዋል።

አሁን ወደ መኪናው እንመለስ። አሜሪካውያን «ባለ ጡንቻ» የሚሏቸው መኪናዎች መካከለኛ መጠን ባለው አካል ላይ ለትልቅ መኪና የተሠራ ሞተር የተጫነባቸው ናቸው። («ጡንቸኛ መኪና» የሚል ትርጕም አይቻለሁ፤ ጡንቸኛ በአማርኛ በጕልበቱ ሰው የሚያጠቃ ስለሆነ አልደግፈውም።) ከነዚህ ውስጥ ብዙዎች እንደ መነሻ የሚቈጥሩት በ1964 ሞዴል የወጣውን ፖንቲያክ ጂ.ቲ.ኦ. ነው። ጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ ለመካከለኛ መኪናዎቹ ከ330 ኩቢክ ኢንች የበለጠ ሞተር እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ጆን ዴሎርያንና ባልደረቦቹ መሐንዲሶች ግን 389 ኩቢክ ኢንች፣ ማለትም ወደ 6.4 ሊትር የሚጠጋ ሞተር፣ ቴምፔስት ለተባለው መኪና በተጨማሪ ዕቃነት ስም አቀረቡ፤ ደንቡ ስለ መደበኛው ሞዴል እንጂ ስለ ተጨማሪ ዕቃ አይናገርምና። በ325 የፈረስ ጕልበት ጀመረ። ስሙን የወሰዱት ፌራሪ በ1962 ካወጣው መኪና ሲሆን፣ ሦስተኛው ፊደል የቆመው «ኦሞሎጋቶ» ለሚለው የኢጣልያንኛ ቃል ነው፤ ትርጕሙም ለውድድር ተመርምሮ የጸደቀ ማለት ነው። የፖንቲያኩ መኪና እንዲህ ያለ ማጽደቂያ አልነበረውም። የአዲስ አበባ መካኒክ ኢጣልያንኛ የተበደረው ቸግሮት ሲሆን፣ ዲትሮይት ግን የተበደረችው ለጌጥ ነው። ሁለቱም ትርጕሙን አልጠየቁም።

በዚህ መኪና ላይ የክንዶቹ ቦኮላዎች 16 ናቸው። በፊት በኩል ለእያንዳንዱ ጎማ አንድ የላይና አንድ የታች ክንድ አለ፤ እያንዳንዱ ክንድ ሁለት ቦኮላ ይዟል። በኋላ በኩል አንድ ወጥ የሆነውን አክስል የሚይዙት አራት ክንዶች ሲሆኑ፣ ለነሱም ሁለት ሁለት ይደርሳቸዋል፤ የሁለቱ የላይ ክንዶች የኋላ ቦኮላዎች የሚገቡት በዲፈረንሻሉ ቤት ጆሮዎች ላይ ነው። ሁሉም ባለ ጎማ ናቸው። በዚያው ዘመን የወጣው የፎርድ ሙስታንግ ግን በ1965 እና በ1966 ሞዴሎቹ የፊት የላይ ክንድ ላይ ግራሶ የሚሰጣቸው ባለ ጥርስ የብረት ቦኮላዎች ነበሩት። የግራሶ መስጫቸው ለእጅ ስለማይመች ብዙዎቹ ሳይቀቡ ቀርተው መኪናው እንደ አሮጌ በር ሲጮኽ ይሰማል። እንግዲህ ጐን ለጐን በቆሙ ሁለት መኪናዎች ላይ፣ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ዕቃዎች አሉ፤ አንዱ ግራሶ ካጣ ይሞታል፣ ሌላው ግራሶ ካገኘ ይሞታል።

የ1968ቱ ጂ.ቲ.ኦ. ጎማ ዛሬ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል፤ አየሩና ሙቀቱ ያደርቁታል፣ ይሰነጣጥቃል፣ ከብረቱ ይላቀቃል። ያን ጊዜ መኪናው መንገዱን ይስታል፤ ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጐን ይጐትታል፤ ጕድጓድ ሲያልፍ ይንኳኳል፤ የጎማው ጥርስም በአንድ ወገን ብቻ ይበላል። ያን የሚያህል ሞተር በድንገት ነዳጅ ሲሰጠው አክስሉን ለመጠምዘዝ ስለሚታገል፣ ያረጀ ቦኮላ በዚህ መኪና ላይ ከሌላው ይልቅ ፈጥኖ ይታወቃል።

የመለወጡ ሥራ ከባድ ቢሆንም የሚከብደው ማውጣቱ ነው። ሻንሲው በድጋፍ ላይ ይቆማል፤ የፊቱ ሞላ ታምቆ የተቀመጠ ትልቅ ኀይል ስለያዘ፣ ክንዱ ከመፈታቱ በፊት በሞላ መጭመቂያ ወይም በሰንሰለት መታሰር አለበት። ይህን ያቃለለ ሰው በሕይወቱ ይጫወታል። ከዚያ ክንዱ ይወርዳል፤ አሮጌዋ ቦኮላ በፕሬስ ተገፍታ ትወጣለች። የክንዱ ሁለት ጆሮዎች በፕሬሱ ኀይል እንዳይጣመሙ በመካከላቸው ልካቸው የሆነ ብረት ይደረጋል። አዲሷ ያለ ዘይትና ያለ ግራሶ ትገባለች። ቡሎኖቹ በእጅ ብቻ ይያዛሉ። መኪናው መሬት ወርዶ፣ በጎማዎቹ ላይ በራሱ ክብደት ቆሞ፣ ከፊትም ከኋላም ተነቅንቆ ሲረጋ፣ ያን ጊዜ ብቻ ቡሎኖቹ እስከ መጨረሻው ይጠብቃሉ። በመጨረሻም የጎማ ቅንበራው ይስተካከላል።

ያ ሳላየው ያለፍሁት ዐረፍተ ነገር ስለዚሁ ማጥበቅ የሚናገረው ነበር። እንግሊዝኛው መኪናው ሲነዳ የሚኖረውን ቁመት በሁለት አጭር ቃል ይገልጸዋል። ተርጓሚውም ቃል በቃል «የመጨረሻው ማጥበቅ መኪናው በመንጃ ከፍታው ላይ ሳለ ይፈጸም» ብሎ ጻፈ። እኔም ሰዋስዉን አይቼ አለፍሁት፤ ባለቤትና አንቀጽ ተስማምተዋል፣ ፊደሉም ትክክል ነው። ረዳቱ ግን ያነበበው ሰዋስዉን አይደለም። «ከፍታ» የሚለውን ቃል ባየ ጊዜ መኪናውን ለሥራ በሚመች ቁመት ከፍ እንዳደረገው ተወው፤ ክንዶቹ ወደ ታች ተንጠልጥለው ሳለም ቡሎኖቹን ሁሉ ባለ በሌለ ኀይሉ አጠበቃቸው። ይኸውም መመሪያው ካዘዘው ጋር ፍጹም ተቃራኒ የሆነ ሥራ ነው። መኪናው መሬት ሲወርድ እያንዳንዱ ጎማ ገና ሳይነዳ ተጠመዘዘ፤ ቆሞ ሲያድርም እንደ ተጠመዘዘ ያድራል። በጕድጓድ ላይ ደግሞ ከዚያ በላይ መጠምዘዝ ነበረበት። ጥቂት ወራት አልፈው መንኳኳቱ ተመለሰ። ሲፈታ የፊቶቹ ጎማዎች ከቱቦዎቻቸው ተተልትለው ተገኙ። መካኒኩ ለደንበኛው ሥራውን በነጻ ደገመለት፤ የዕቃውንም ዋጋ ከኪሱ ከፈለ። ረዳቱን የወቀሰው ይመስለኛል። ወቀሳው ግን ለእኔ የሚገባ ነበር።

አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ረዳቱ ሞኝ አለመሆኑን ነው። ቦኮላ ማለት ለእሱ የምትንሸራተት ዕቃ ናት። ለምትንሸራተት ዕቃ ደግሞ ቡሎኑ የት ላይ ሆኖ ቢጠብቅ ለውጥ የለውም፤ ትንሸራተታለችና። ዐረፍተ ነገሩ አሻሚ ሆኖ ሲያገኘው ከስሟ የተነሣ ትርጕም ሰጠው። ስሟ ስለ መጠምዘዝ አንዳች ነገር ቢጠቁመው ኖሮ ምናልባት ቆም ብሎ ይጠይቅ ነበር።

ለሁለተኛው ሥራ ትርጕሙን እንደ ገና ስናዘጋጅ ሌላ ችግር ገጠመን። ደንበኛው በዚህ ጊዜ ለኋላ ክንዶች ፖሊዩሬቴን ከተባለው ሰው ሠራሽ ቍስ የተሠሩትን መረጠ። እነዚህ እንደ ጎማው አይጠመዘዙም፤ እንደ ጥንቱ ነሐስ በውስጠኛው ቱቦ ላይ ይንሸራተታሉ፤ ስለዚህ አብሯቸው የሚመጣው ልዩ ግራሶ የግድ ይቀባል። ከዚህም በላይ ከነሱ ብዙዎቹ የራሳቸው ውጫዊ ብረት የላቸውም። የአሮጌዋ ቦኮላ ጎማ ብቻ ወጥቶ ብረቷ በክንዱ ውስጥ እንዲቀር ያስፈልጋል። «ቦኮላውን አውጥተህ ጣል» የሚል ትርጕም በዚህ ሥራ ላይ የሚያስጥለው የሚፈለገውን ዕቃ ነው። ስለዚህ አንድ ስም ለሙሉ ዕቃዋም ለክፍሎቿም መዋሉ ሊቀር ይገባል። ውጫዊውን ብረት «ቀፎ» አልነው፤ ንቡ ቢወጣም ቀፎው ይቀራል። ውስጠኛውን «እምብርት» ለማለት አስቤ ነበር፤ ተርጓሚው ግን «ውስጠኛ ቱቦ» የሚለው ያለ ማብራሪያ ይገባል ብሎ ተከራከረኝና ተረታሁ።

ለሁለቱ ዓይነቶች እኔ ያቀረብሁት «ተጠምዛዥ ቦኮላ» እና «ተንሸራታች ቦኮላ» የሚሉትን ነበር። ቦኮላን አስወግዶ ፈጽሞ አዲስ የግእዝ ቃል መፍጠር አልደገፍሁም፤ በጋራዥ ውስጥ የሚኖር ቃል ከወረቀት በተቀመመ ቃል ሲሸነፍ አላየሁምና። «ሲላንብሎክ»ን መበደርም ይቻል ነበር። እሱ ግን ስለ ዝምታ እንጂ ስለ መጠምዘዝ አይናገርም፤ ደግሞም ለአማርኛ አፍ አይገራም። «በመንጃ ከፍታው ላይ» የሚለውንም ሰርዘን «መኪናው መሬት ወርዶ በአራቱ ጎማ በራሱ ክብደት ቆሞ ሳለ» ብለን ጻፍን። ረዝሟል። ከዚህ አሳጥሬ ያልተሳሳተ ነገር ማግኘት አልቻልሁም።

ትርጕሙ ከሁለተኛው ሥራ በኋላ ተመልሶ ሲመጣልኝ በግራሶ ጣት የታተሙ አሻራዎች ነበሩበት። ረዳቱ በየጠርዙ በእርሳስ ጽፎበታል። «ተጠምዛዥ» የሚለውን ሁሉ ሰርዞ «ደረቅ ቦኮላ»፣ «ተንሸራታች» የሚለውን ደግሞ «ግራሶ በል ቦኮላ» ብሎታል። ደረቅ ያለው ግራሶ የማይነካትን ነው። የኔው ስያሜ ዕቃዋ የምትሠራውን ይገልጻል፤ የእሱ ሠራተኛው ማድረግና አለማድረግ ያለበትን ይነግራል። ለመዝገበ ቃላቱ ካርድ ስሞላ የእሱን ሁለት ስሞች በዋና መግቢያነት አስቀምጬ፣ የኔን ሁለት ከነሱ ሥር በማብራሪያነት ጻፍኋቸው።